የተዘጋ የነዳጅ ዴፖ ዳግመኛ ሲከፈት

በአንድ ሰፈር አጠገብ ለብዙ ዘመን ሲሠራ የኖረ የነዳጅ ማከማቻ፣ በአደጋም ይሁን በባለቤቱ መክሰር ተዘግቶ፣ ታንከሮቹ ባዶአቸውን ቆመው፣ አጥሩን ሐረግ ለብሶት፣ ሕፃናትም በቅጥሩ ሥር እየተጫወቱ ካደጉ በኋላ፣ አዲስ ባለቤት መጥቶ «በሩን ልክፈት፣ ነዳጁንም ልሙላ» ብሎ ሲጠይቅ፣ ከተማይቱ ምን ብላ ትመልስለት ዘንድ ይገባል? ነገሩ በወረቀት ላይ ሲታይ የአንድ ፈቃድ እድሳት ይመስላል፤ ጠለቅ ብሎ ለመረመረው ሰው ግን የሰው ሕይወትና የአገር ጥቅም፣ ሕግና ኅሊና በአንድነት የሚነሡበት ጉዳይ ነው። በዚህ ዳሰሳ ጥያቄውን በልዩ ልዩ አገሮች ከደረሰው ነገር ጋር እያመሳከርኩ ለማየት እሞክራለሁ። ሐሳቤንም ከመነሻው ልግለጽ፦ የተዘጋ ዴፖ ሲከፈት የቀድሞው ፈቃድ ቀጥሏል ተብሎ ሊታለፍ አይገባውም፤ በዚያ ቦታ ከዚያ በፊት ምንም እንዳልነበረ ተቆጥሮ፣ ከመሠረቱ ጀምሮ እንደ አዲስ ሊመዘን ይገባዋል እላለሁ።

ለዚህ ሐሳብ ዋና አስረጅ አድርጌ የማቀርበው በእንግሊዝ አገር፣ ከሎንዶን በስተ ሰሜን፣ በሄመል ሄምፕስቴድ ከተማ ዳር የሚገኘውን የበንስፊልድ ማከማቻ ነው። ማከማቻው በ1960 ዓ.ም. ገደማ ሥራ ሲጀምር በአቅራቢያው የነበረው ሕንፃ ጥቂት ነበር። ከሩቅ ማጣሪያዎች በምድር ውስጥ በተዘረጉ ቧንቧዎች ቤንዚን፣ ናፍጣና የአውሮፕላን ነዳጅ እየተቀበለ ለሎንዶንና ለአካባቢዋ፣ ለሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያም ጭምር ሲያከፋፍል፣ ከተማው በበኩሉ ወደ እርሱ እየቀረበ ሄደ። መጋዘኖችና መሥሪያ ቤቶች ተሠሩ፤ መኖሪያ ቤቶችም ተከተሉ። እያንዳንዱ ሕንፃ ለብቻው ሲፈቀድ ምክንያት ነበረው፤ ድምሩን ቁጭ ብሎ ያሰላ ግን አልነበረም።

ቅዳሜ ታኅሣሥ 1 ቀን 1998 ዓ.ም. ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ፣ 912 የሚል ቁጥር ወደ ተሰጠው ታንከር ቤንዚን መግባት ጀመረ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ገደማ የቤንዚኑን ከፍታ የሚለካው ጌጅ ባለበት ደርቆ ቀረ፤ በመቆጣጠሪያው ክፍል ውስጥ ለተቀመጡት ተረኞች ስክሪኑ ያንኑ ቁጥር ሲያሳያቸው፣ ቤንዚኑ ግን በጨለማ ውስጥ ወደ ጣሪያው መውጣቱን ቀጠለ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከ37 ደቂቃ ላይ ታንከሩ ሞልቶ ፈሰሰ። ከጣሪያው ጠርዝ ወደ ታች እየተንዠቀዠቀ ሲወርድ በአየር ውስጥ እየተበተነ ተን ሆነ፤ ሌሊቱ ብርዳምና ነፋስ የሌለበት ነበረና፣ ከአየር የሚከብደው ያ ተን ወደ ላይ ሳይበተን በምድር ላይ ተንጣለለ። የጥበቃ ካሜራዎቹ ነጭ ጉም የመሰለ ነገር ታንከሩን የሚከበውን ግንብ ተሻግሮ ወደ መንገዱ ሲሳብ ቀርጸውታል። በመጨረሻ ከ250,000 ሊትር በላይ ቤንዚን ፈስሶ ነበር።

ነዳጅ ለመጫን የመጡ የቦቴ ሾፌሮች ጉሙን አይተው ጮኹ፤ የአደጋው ደወል ተጫነ፤ ደወሉ ሲጫን የእሳት ማጥፊያው ውኃ ፓምፕ ተነሣ። መርማሪዎቹ የመጀመሪያውን ብልጭታ የሰጠው ይኸው ፓምፕ ሳይሆን አይቀርም የሚል ግምት ላይ ደርሰዋል። እሑድ ሊነጋ ሲል፣ ከሌሊቱ 12 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ሲሆን፣ በምድር መንቀጥቀጥ መለኪያ 2.4 የተመዘገበ ፍንዳታ አካባቢውን አናወጠው። ከ20 በላይ ታንከሮች ተያይዘው ለቀናት ነደዱ፤ 2,000 ያህል ሰው ከቤቱ ወጣ፤ 43 ሰዎች ቆሰሉ። የሞተ ሰው አልነበረም። ለዚህ ምክንያቱ ሰንበት መሆኑና ገና አለመንጋቱ ነው፤ በሥራ ቀን ከረፋዱ ላይ ቢሆን ኖሮ መስኮታቸው የረገፈው፣ ግድግዳቸውም የተሰነጠቀው መሥሪያ ቤቶች በሰው የተሞሉ ነበሩ። ይህን የቸርነት አጋጣሚ ለጥንቃቄው ሥርዓት እንደ ምስክር አድርጎ የሚቆጥር ሰው ቢኖር ታላቅ ስሕተት ይሠራል።

አሁን አንባቢውን ወደ ትንሽዋ ነገር ላቅርበው፤ የጉዳዩ ልብ ያለው እዚያ ነውና። ጌጁ ቢሳሳት እንኳ ታንከሩ ሞልቶ እንዳይፈስ የሚጠብቅ፣ ከጌጁ የተለየ ሁለተኛ መሣሪያ ነበረ፤ ቤንዚኑ የተወሰነው ከፍታ ላይ ሲደርስ ደወል አሰምቶ ቧንቧውን እንዲዘጋ የተሠራ የመጨረሻ ማቋረጫ ነው። ይህ ማቋረጫ ለመፈተኛ የምታገለግል አንዲት እጀታ ነበረችው፤ እጀታዋም በሥራ ቦታዋ እንድትጸና በትንሽ ጓጉንቸር መያዝ ነበረባት። ጓጉንቸሩ አልተገጠመም። የገጠሙትም፣ የተረከቡትም ሰዎች ጥቅሙ መሣሪያውን ሌላ ሰው እንዳይነካው ለመከልከል ብቻ መስሏቸው ነበር እንጂ፣ ያለ እርሱ ማቋረጫው እንደማይሠራ የነገራቸው አልነበረም። ስለዚህ በዚያች ሌሊት ሁለተኛው ጠባቂ በቦታው ተሰቅሎ ይታይ ነበር፤ ሥራ ግን አልነበረውም። የመጀመሪያው ጠባቂማ፣ ማለትም ጌጁ፣ ታንከሩ ከጥገና በኋላ ሥራ ከጀመረበት ከነሐሴ 1997 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ አደጋው ሌሊት ድረስ 14 ጊዜ ደርቆ ቆሟል። በየጊዜው ተነካክቶ ተነሣ፤ «ስለ ምን ይቆማል?» ብሎ እስከ ሥሩ የመረመረ አልተገኘም።

የታንከሮች ቁጥር፣ የግንቦች ውፍረት፣ የእሳት አደጋ መኪናዎች ብዛት በፈቃድ ማመልከቻ ላይ በሚያምር ሰንጠረዥ ሊቀርብ ይችላል፤ የዴፖው እውነተኛ ባሕርይ የሚታየው ግን ጌጁ ለሦስተኛ ጊዜ ሲቆም ተረኛው ምን እንዳደረገ፣ አለቃውም ምን እንዳለው በመጠየቅ ነው። በበንስፊልድ ተረኞቹ 12 ሰዓት በሚፈጅ ፈረቃ ይሠሩ ነበር፤ ነዳጁ የሚመጣባቸውን ቧንቧዎች ፍጥነት በሙሉ የሚቆጣጠሩት እነርሱ አልነበሩም፤ በዚያች ሌሊትም ወደ 912 የሚገባው የቤንዚን መጠን ከመፍሰሱ በኋላ፣ ከፍንዳታው ደቂቃዎች አስቀድሞ ጨምሯል። ኃላፊነት ተሰጥቷቸው ሥልጣን ያልተሰጣቸው ሰዎች ነበሩ። ይህን ማለቴ በእነርሱ ላይ ለመፍረድ አይደለም፤ እንዲያውም ፍርዱ ከበላያቸው ላሉት መድረስ አለበት፣ ፍርድ ቤቱም በሐምሌ 2002 ዓ.ም. አምስት ኩባንያዎችን በድምሩ ከ5 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ሲቀጣ፣ ከሁሉ ከባዱን መቀጫ 3.6 ሚሊዮን ፓውንድ አድርጎ በቶታል ኩባንያ ላይ ጥሏል። የጠፋው ንብረትና የተቋረጠው ሥራ ዋጋ ግን ወደ አንድ ቢሊዮን ፓውንድ የተጠጋ ነበር።

ሊቃውንቱን ያስደነቃቸው ሌላ ነገር የፍንዳታው ኃይል ነበር። ከዚያ ቀን በፊት የአገሩ የደኅንነት ባለሥልጣን በእንዲህ ያለ ማከማቻ ይደርሳል ብሎ ያሰበው ከሁሉ የከፋ አደጋ የፈሰሰ ነዳጅ በመሬት ላይ መቃጠል እንጂ፣ ሜዳ ላይ የተዘረጋ የቤንዚን ተን እንዲህ ባለ ኃይል ይፈነዳል የሚል አልነበረም። ከብዙ ምርምር በኋላ በመንገዱ ዳር በተርታ የቆሙት ዛፎችና ቁጥቋጦዎች ነበልባሉን በቅርንጫፎቻቸው መካከል እያፋጠኑ ኃይሉን እንዳበዙት ተረዱ። ለሰፈሩ ጥላና ውበት የተተከለ አጥር ለነበልባሉ መሮጫ ሆነ ማለት ነው። የሰው ዕውቀት ወሰን ያለው መሆኑን እንዲህ ያለው ነገር ያሳያል፤ በወረቀት ላይ «ሊደርስ የማይችል» ተብሎ የተጻፈው ሁሉ ያልደረሰ እንጂ የማይደርስ አይደለም። ከአደጋው ወዲህ በእንግሊዝ አገር ከትላልቅ የቤንዚን ማከማቻዎች ግንብ እስከ 150 ሜትር ድረስ ባለው ዙሪያ ሰው ዘወትር የሚውልበት ሕንፃ እንዳይሠራ የሚመክር ሥርዓት ተደንግጓል። ደንቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን አስቀድሞ በዚያ ክልል ውስጥ ለተሠራው ቤት መልስ አይሰጥም። የተዘጋ ዴፖ ለመክፈት ሲታሰብ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚገጥመን ይኸው አስቀድሞ የተሠራ ቤት ነው።

ከበንስፊልድ አራት ዓመት ያህል በኋላ፣ ጥቅምት 13 ቀን 2002 ዓ.ም.፣ በፖርቶ ሪኮ ደሴት ባያሞን በተባለው ከተማ ያው ታሪክ ተደገመ። የካሪቢያን ፔትሮሊየም ኩባንያ ከመርከብ ቤንዚን ሲያራግፍ የአንዱ ታንከር መለኪያ በትክክል አይሠራም ነበርና፣ ሠራተኞቹ የሚሞላበትን ሰዓት በስሌት ይገምቱ ነበር። ታንከሩ ከእኩለ ሌሊት ገደማ ጀምሮ ሞልቶ ፈሰሰ፤ ተኑ ተዘረጋ፤ ፍንዳታው ከ48ቱ ታንከሮች 17ቱን አጠፋ፤ 300 ያህል ቤቶችና የንግድ ቦታዎች ተጎዱ። ከስድስት ቀን በኋላ ደግሞ በሕንድ አገር በጃይፑር ከተማ ቤንዚን ከአንድ ቫልቭ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈስሶ ከፈነዳ በኋላ ከ10 በላይ ሰው ሞተ፤ እሳቱም ከሳምንት በላይ ነደደ። ሦስቱም አደጋዎች የደረሱት በሥልጣኔው ዘመን፣ መሣሪያ ባለበት፣ መመሪያ በተጻፈበት ቦታ ነው።

የባያሞኑ ነገር ግን ለጥያቄያችን የተለየ ጥቅም አለው፤ ማከማቻው ዳግመኛ ተከፍቷልና። የቀድሞው ባለቤት ከአደጋው በኋላ መክሰሩን አስታወቀ፤ በ2003 ዓ.ም. ፑማ ኢነርጂ የተባለው ድርጅት ንብረቱን ገዝቶ የነዳጅ ማከማቻውን ወደ ሥራ መለሰው። የአሜሪካው የኬሚካል አደጋ መርማሪ ቦርድ የመጨረሻ ሐተታውን ያወጣው ግን በጥቅምት 2008 ዓ.ም. ነው። ቅደም ተከተሉን አንባቢው ልብ ይበልልኝ፤ ንብረቱ ከተሸጠ ከአራት ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ነው አደጋው ለምን እንደ ደረሰ ሙሉው ቃል በጽሑፍ የወጣው። አዲሱ ባለቤት የራሱን ጥንቃቄ አድርጎ ሊሆን ይችላል፤ እኔ በእርሱ ላይ የምለው ነገር የለኝም። ጥያቄዬ ለሥርዓቱ ነው፦ የትናንቱ እሳት ምክንያት በይፋ ተጽፎ ሳያልቅ የነገው ነዳጅ ለምን ይገባል? በኪሣራውም ላይ የሚታይ ነገር አለ፤ ባለዕዳው ሲከስር የጎረቤቱ ጣሪያና የተበከለው ጨፌ ዕዳ ከሌሎች ባለመብቶች ጋር ተራ ይይዛል። ስለዚህ የሚከፍት ሁሉ ነዳጁን ከማስገባቱ በፊት ለጎረቤቶቹ ካሣ የሚሆን፣ እርሱ ራሱ ሊነካው የማይችል ገንዘብ በዋስትና ሊያስቀምጥ ይገባል።

ይህን ሁሉ ስጽፍ የዴፖ መከፈት በራሱ ክፉ ነው ለማለት አይደለም። ነዳጅ ለሕዝብ የዕለት እንጀራ ያህል ሆኗል፤ አምቡላንሱ፣ ትራክተሩ፣ የሆስፒታሉ ጄኔሬተር ያለ እርሱ አይነሡም። በቅርብ ማከማቻ የሌለው ከተማ ነዳጁን በረጅም መንገድ በቦቴ ያስመጣል፤ አደጋውም አልጠፋም፣ ከአንድ አጥር ግቢ ወጥቶ በመንገዱ ሁሉ ተበተነ እንጂ። ይህን ከእኛ ይልቅ የሚያውቀው የለም። ኢትዮጵያ ከ1990 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ በአሰብ በኩል ሲገባላት የነበረው ነዳጅ ተቋርጦ፣ በጅቡቲ ወደብ አውርዳ በረሃውን እያቋረጡ በሚመጡ ቦቴዎች ትኖራለች፤ ቦቴ በተገለበጠበት ቦታ ጀሪካን ይዞ የሚሮጠው ችግረኛ መንደርተኛ የሚሄድበትን የሞት መንገድ የማያውቅ የለም። ስለዚህ የማከማቻ ተቃዋሚ የሆነ ሰው «አይከፈት» ሲል፣ ነዳጁ በየትኛው ቤት ደጃፍ በኩል ሊያልፍ እንደ ፈረደ አብሮ ሊናገር ይገባዋል። ይህን ሳይናገር የሚቃወም ሰው የራሱን ሰፈር አድኖ የሌላውን አሳልፎ ይሰጣል፤ ይህም ከርትዕ የራቀ ነው።

ደግሞም ነዳጅ ሁሉ አንድ አይደለም። ቤንዚን በብርድ አገር ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ እንኳ ሳይቀር የሚቀጣጠል ተን ሲሰጥ፣ ናፍጣ ግን እንዲህ ያለ ተን ለመስጠት ከ50 ዲግሪ በላይ ሙቀት ይሻል። ለናፍጣ ብቻ የሚከፈት ዴፖና ቤንዚን የሚሞላበት ዴፖ በአጥር ማዶ ላለው ቤተሰብ የሰማይና የምድር ያህል ልዩነት አላቸው። ብዙውን ጊዜ ግን ማመልከቻው «የነዳጅ ውጤቶች» በሚል አጠቃላይ ስም ይቀርባል፤ ከተሰጠም በኋላ ባለቤቱ እንደ ገበያው ይለዋውጣል። ፈቃዱ የነዳጁን ዓይነት በስም ሊጠራ፣ ለውጥም ቢያስፈልግ ሰፈሩ እንደገና ሊጠየቅ ይገባል።

የእሳቱ ፍርሃት ትልቅ በመሆኑ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ውኃው ነው። በሃዋይ፣ በኦዋሁ ደሴት፣ ሬድ ሂል በተባለው ኮረብታ ውስጥ የአሜሪካ ባሕር ኃይል በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን 20 ግዙፍ ታንከሮች ቀብሮ ነበር፤ ከታንከሮቹ በታች 30 ሜትር ያህል ርቀት ላይ ለደሴቲቱ የመጠጥ ውኃ የሚሰጠው የከርሰ ምድር ውኃ አለ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የአውሮፕላን ነዳጅ ወደ ውኃው ጉድጓድ ገባ፤ ቤተሰቦች ከቧንቧቸው የነዳጅ ሽታ ያለው ውኃ ቀዱ፣ ታመሙም፤ ከባሕር ኃይሉ የውኃ መስመር ይጠቀም የነበረው ሰው 93,000 ያህል ነበር። በየካቲት 2014 ዓ.ም. የመከላከያ ሚኒስትሩ ማከማቻው ለዘለቄታው እንዲዘጋ አዘዙ። ፍንዳታ አልነበረም፤ ጭስም አልታየም። በበንስፊልድም እሳቱን ለማጥፋት የፈሰሰው 68 ሚሊዮን ሊትር ውኃና 786,000 ሊትር የአረፋ ፈሳሽ ከነዳጁ ጋር ተቀላቅሎ ከፊሉ ወደ ምድር ሰርጎ የከርሰ ምድሩን ውኃ በክሏል። እንግዲህ አንድ ዴፖ ከውኃ ምንጭ በላይ ከሆነ፣ የቱንም ያህል ጥሩ ጌጅ ቢገጠምለት እንዳይከፈት እመርጣለሁ። እሳት ቢነሣ በቀናት ይጠፋል፤ የተመረዘ ምንጭ ግን የሚነጻበትን ዘመን ማንም አያውቅም።

በዚህ ክርክር ውስጥ ዘወትር የሚሰማ አንድ ቃል አለ፦ «ቀድሞ የነበረው ዴፖው ነው፤ ሰዎቹ በኋላ መጥተው ሰፈሩ»። በኢንዶኔዥያ ዋና ከተማ በጃካርታ፣ ፕሉምፓንግ በተባለው ሰፈር፣ በየካቲት 24 ቀን 2015 ዓ.ም. ከማከማቻው የተነሣ እሳት በአጥሩ ጥግ ተጠጋግተው ይኖሩ ከነበሩት ሰዎች ከ30 በላይ ሲፈጅ፣ ከእሳቱ በኋላ የተነሣው ጥያቄ ይኸው ነበር፤ ሕዝቡ ይነሣ ወይስ ዴፖው? ቀዳሚነት በርስት ክርክር ላይ ዋጋ አለው፤ በሕይወት ጉዳይ ላይ ግን የለውም። ድኻ በአጥሩ ሥር የሚሰፍረው ዴፖውን ስለወደደ አይደለም፤ ሌላ የሚከራየው ቦታ ስለሌለው ነው፤ መንግሥትም መንገድና መብራት ሲያስገባለት በዚያ እንዲኖር ፈቅዶለታል ማለት ነው። ዴፖው ከተዘጋ በኋላ የሰፈሩ ሰዎችማ የሚነቀፉበት ምክንያት ከቶ የለም። ባዶ ታንከር አይተው ቤት ሠሩ።

የተነሣሁበትም ሐሳብ መሠረቱ ይኸው ነው። በአውሮፓ አገሮች በ1968 ዓ.ም. በጣልያን አገር ሴቬሶ ከደረሰው የመርዝ አደጋ ወዲህ እየታረመ የመጣው ሕግ፣ አደገኛ ማከማቻ አዲስ ሲሠራ ወይም ያለው በእጅጉ ሲለወጥ ሕዝቡ ሐሳቡን ይስጥ ይላል። ተዘግቶ የኖረ ዴፖ ግን ባለቤቱ «አዲስ አይደለሁም፤ የለወጥሁትም ነገር የለም» ብሎ በሁለቱ አናቅጽ መካከል ሊያልፍ ይሞክራል። ያልተለወጠው ግን ብረቱ ብቻ ነው። ሰፈሩ ተለውጧል፤ ተረኞቹ ተበትነው ልምዳቸው አብሮ ጠፍቷል፤ የታንከሩ ወለል ባልታየበት በኩል ዝጎ ሊሆን ይችላል፤ ዕውቀቱም ከበንስፊልድ ወዲህ ሌላ ሆኗል። ፈቃድ በመሠረቱ በማኅበረሰብና በባለንብረት መካከል የተደረገ ቃል ኪዳን ከሆነ፣ አንደኛው ወገን ለዓመታት ሥራውን ትቶ ሲሄድ ቃል ኪዳኑም አብሮ አርፏል፤ እንደገና የሚታሰረው በሁለቱም ፈቃድ ነው።

ሰፈሩ ሲጠየቅ ደግሞ አዳራሽ ተሰብስቦ ንግግር ሰምቶ እንዲበተን አይሁን። የሚጠየቁት ነገሮች ቁርጥ ያሉ ናቸው፦ በሌሊት ብቻውን የሚቀመጠው ተረኛ ማንንም ሳያስፈቅድ የሚገባውን ነዳጅ ማቆም ይችላል ወይ? ጌጁ የቆመበት ቀን ሁሉ የሚጻፍበት መዝገብ አለ ወይ፣ ከሰፈሩ የተመረጡ ሰዎችስ ገልጠው ሊያነቡት ይችላሉ ወይ? ደወሉ ሲጮኽ ሕዝቡ በየትኛው መንገድ ይወጣል? ታንከር ከጥገና በኋላ ነዳጅ ከመግባቱ በፊት በውኃ ተሞልቶ መፈተኑ በሙያው የታወቀ ሥርዓት ነው። የሚከፈተው ዴፖ ይህን ፈተና በሰፈሩ ሽማግሌዎችና ወጣቶች ፊት ያድርገው፤ ውኃው የመጨረሻው ምልክት እስኪደርስ ይሞላ፤ ማቋረጫው በራሱ ጊዜ ቧንቧውን ሲዘጋ፣ ደወሉም ሲጮኽ ይስሙት። ካልዘጋ ወይም ካልጮኸ ፈቃዱ በዚያው ቀን ይቁም።